ዑራኤል ይሰለፍ ወይስ ይቀመጥ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ስዩም፣ ኮምቦልቻ፤

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትክልኝ? ጉልበትህስ ከክረምቱ ጋር እንዴት ይዞሃል? የእትዬ አስካለ ደም ግፊት ረገበላት ወይ? ሚስባህስ ጋራዡን ዘግቶ ሲወጣ አሁንም ብቅ እያለ ያጫውትሃል? እኛ አምላክ ይመስገን ሁላችንም በሕይወት አለን። እዚህ ብርዱ ገብቷል። ጠዋት ጠዋት ጄፔ ሰፈር ያለውን ሱቃችንን ስንከፍት የበሩ ብረት እጅ ላይ ይጣበቃል። ለብርድ ልብስ ነጋዴ ግን ብርድ ክፉ አይባልም፤ ገበያው ደህና ነው።

በስልክ መነጋገሩ ጆሮህን እያስቸገረህ እንደሆነ ልጃችሁ ፀገነት ስለነገረችኝ ነው በወረቀት የመጣሁት። እሷው ቀስ ብላ ታንብብልህ። የምነግርህም ነገር በስልክ ተጩኾ የሚነገር አይደለም።

ልጄ ዑራኤል ትምህርት ቤቱ ውስጥ ራግቢ እንደሚጫወት ታውቃለህ። ፎቶውን አይተህ «ይሄ ደግሞ ምን ኳስ ነው፣ እንቁላል ይመስላል» ብለሃል አሉ። ልጆቹ ኳሷን በእጃቸው ይዘው ይሮጣሉ፤ በእጅ ወደፊት መወርወር ግን ክልክል ስለሆነ ወደ ኋላ እየተቀባበሉ ወደፊት ይሄዳሉ። ባላጋራ ደግሞ ኳስ የያዘውን ጨምድዶ መሬት ላይ ይጥለዋል፤ ደንቡ ነው። አሥር ቁጥር የለበሰውን ልጅ እንደ ሹፌር ቁጠረው። ልሩጥ፣ ላቀብል ወይስ በእግሬ ልምታ የሚለውን ዐይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ የሚቆርጠው እሱ ነው። ስለዚህም የባላጋራ ቡድን ግዙፍ ግዙፍ ልጆች መጀመሪያ የሚመጡት እሱ ላይ ነው።

የዋናው ቡድን አሥር ቁጥር ቲያን የሚባል የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ነበር። ዑራኤል ገና አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ዘንድሮ ወደ ዋናው ቡድን ያደገው ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ የቲያንን ሥራ እያየ እንዲማር ነበር። ከፋሲካ በኋላ ግን ቲያን እጁ ተሰበረ። አሰልጣኙ ማቡዛ ራሱ ሱቅ ድረስ መጥቶ አነጋገረኝ። «ልጅህ ጨዋታውን ማንም በማያየው መንገድ ያያል፤ ሰውነቱ ግን ገና አልጠነከረም። ዕድሜው ስለሚያንስ ያለ እናንተ ፈቃድ አላሰልፈውም። ካልፈቀዳችሁ ከኋላ መስመር ቱላኒን አምጥቼ አሥር ቁጥር አለብሰዋለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ የቱ እንደሚሻል እኔም አላውቅም» አለኝ።

ባለቤቴ የአለምወርቅ «ልጁን እንጠይቀው» አለች። ጠየቅነው። «እችላለሁ፣ አባዬ» አለ፤ ድምፁ ግን ቀጠነብኝ። እኔ ያን ጊዜ ያሰብኩት አንተን ነው። በጭነት መኪናህ በኤንትሬዋ ረዳትህ ሆኜ ስመላለስ መሪውን ስጠኝ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩህ! ሜዳው ላይ ትሰጠኝና የባቲ ቁልቁለት ሲደርስ «ውረድ፤ ጎኔ ቁጭ በልና እግሬን እይ» ትለኝ ነበር። አኩርፌህ ሳልበላ የተኛሁበት ቀን አለ። በኋላ ብቻዬን ስነዳ ፍሬን እምቢ ያለኝ ቀን ያተረፈኝ ግን ያ ጎንህ ተቀምጬ ያየሁት ነው። ስለዚህ ለማቡዛ «ዘንድሮ ይቀመጥ» አልኩት። ዑራኤል «እሺ» ብሎ ተነሳ። ከዚያ ወዲያ ለእራት ካልተጠራ ከክፍሉ አይወጣም ነበር።

ቱላኒ ከከተማው ወጣ ያለችው የቴምቢሳ ሰፈር ልጅ ነው። እናቱ ዛንዲሌ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ብቻዋን ነው ያሳደገችው። ልጁ ሳቂታ ነው፤ ቤታችን ይመጣል፣ ሽሮ ከእኛ ጋር ይበላል፣ ትንሿን ልጃችንን ሊናን «እንዴት ዋልሽ እመቤቴ» እያለ በአማርኛ ያስቃታል። አሥራ ስምንት ዓመት ስለሞላው የወላጅ ፈቃድ አላስፈለገውም። አሥር ቁጥሩን ለብሶ ተሰለፈ፤ የመጀመሪያዎቹን ግጥሚያዎችም አሸነፉ። እኔም የወሰንኩት ልክ ነው ብዬ ልቤ አረፈ።

ቀጥሎ በነበረው ግጥሚያ ግን ኳሷ ደረሰችውና ወዴት እንደሚልካት ለማየት ቀና አለ። ያቺ ቀና ያለባት ቅጽበት በቃች። ሁለት ልጆች ከግራና ከቀኝ ደረሱበት። ጥፋት አልነበረም፤ ዳኛውም ፊሽካ አልነፋም። ቱላኒ ግን አልተነሳም። ዑራኤል ከወንበሩ ተነስቶ ሲሮጥ አየሁት። አጠገቡ ተንበርክኮ «እግርህን አንቀሳቅስ፣ ትንሽ ብቻ አንቀሳቅስ» ይለው ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ ባለበት ሜዳ የሚሰማው የእሱ ድምፅ ብቻ ነበር።

የአንገቱ አጥንት ነው የተሰነጠቀው። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ተመስገን ይራመዳል፤ የግራ እጁ ጣቶች ግን እስካሁን እንደደነዘዙ ናቸው። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ መጫወት የለም ብለውታል። የዚያን ዕለት መኪና ውስጥ ዑራኤል «አባዬ፣ ያ የእኔ ቦታ ነበር። እኔ ብሆን ኳሷን ቀድሜ እለቃት ነበር» አለኝ። የአለምወርቅ ከኋላ ሆና «ወይም ሆስፒታል የምትተኛው አንተ ትሆን ነበር» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ መንዳቴን ቀጠልኩ።

ሆስፒታል ከዛንዲሌ ጋር ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ብዬ ሁሉን ነገርኳት፤ መጀመሪያ የተጠየቀው የእኔ ልጅ እንደነበረ፣ እምቢ ያልኩትም እኔ እንደሆንኩ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «አባት ነህ፤ ልጅህን አስቀመጥከው። እኔም ብጠየቅ አስቀምጠው ነበር። እኔን ግን የጠየቀኝ የለም» አለች። በቁጣ አልነበረም ያለችው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሁላችንም ቴምቢሳ እንሄዳለን። ዑራኤል ደግሞ በመካከሉም ብቻውን ታክሲ ይዞ እየሄደ፣ ቱላኒ ጣቶቹን ሲያለማምድ አብሮት ይቀመጣል። ማቡዛ እንደገና ሲጠይቀን ሰውየው ከስቶ ነበር። «ከእንግዲህ ማንንም አልገፋም። እናንተው ንገሩኝ» አለ። ይህን ጊዜ የአለምወርቅ የመጀመሪያ ቀን ያለችውን ሰማሁና ልጁን በደንብ ጠየቅሁት። «እፈራለሁ፣ አባዬ። ያኔም ፈርቼ ነበር። ግን ሌላ ልጅ እኔ ቦታ ላይ ቆሞ እያየሁ መቀመጡን ከእንግዲህ አልችለውም» አለኝ። ድምፁ አልቀጠነም። ፈቀድን። ልክ ይሁን ስህተት አላውቅም፣ ጋሼ። ያኔም አላውቅም ነበር፤ የማውቅ መስሎኝ ነው እንጂ።

ባለፈው ቅዳሜ ተሰለፈ። ውጤቱን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ለጥቂት ተሸነፉ። ዛንዲሌ ያን ሁሉ መንገድ በታክሲ መጥታ አጠገባችን ተቀመጠች። ቱላኒ አንገቱን በድጋፍ ታስሮ ከተጠባባቂዎቹ ጋር ነበር። ገና ከመጀመሩ ኳሷ ዑራኤል እጅ ገባች። ወዲያው አቀበላት፤ ከእጁ ከወጣች በኋላ ግን አንድ እንደ ግንድ ያለ ልጅ መታውና ጣለው። እኔ መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም፤ አንድ እግሬ አጥሩን ተሻግሯል። ዛንዲሌ የጃኬቴን ጫፍ ይዛ ሳበችኝ። «ተቀመጥ» አለችኝ፤ «ተመልከት፣ እየተነሳ ነው።» እሷ ግን እያየች የነበረው የራሷን ልጅ ነበር። ተቀመጥኩ። ጃኬቴን ግን እስከ ዕረፍት ድረስ አልለቀቀችውም።

ለእትዬ አስካለ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ለመስከረም ግሸን ስትወጣ የቱላኒን ጣቶች በጸሎቷ ታስብልኝ፤ የክርስትና ስም የለውም፣ በዚሁ ስሙ ትጥራው። ለሚስባህ ሰላም በልልኝ፤ እሱም በበኩሉ ዱዓ ያድርግለት። ፀገነት፣ ይህን ያነበብሽልኝ፣ ዐይንሽን አይንሳኝ። የአለምወርቅና ሊና ጉልበትህን ይስማሉ። ዑራኤል በራሴ እጅ ልጻፍለት ብሏል፤ አማርኛው ስለሚያስቸግረው ብትስቅበት አይቀየምም። አምላክ ጤናህን ይጠብቅልኝ።

ወንድምህ ታዬ
ጆሃንስበርግ፣ ሰኔ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.