የእህታቸውን አደራ ይዘው ያለፉት የአቶ መልካሙ በላይ የሕይወት ታሪክ

አቶ መልካሙ በላይ ከአባታቸው ከአቶ በላይ ተሰማ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ብዙነሽ አደም፣ በሐብሩ ወረዳ ከግራና ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር በ1961 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ገና በልጅነታቸው ስላረፉ፣ እናታቸው የግራናውን ነጋዴ አቶ ዓሪፍን አግብተው ወ/ሮ ዙልፋ ዓሪፍን ወለዱ። ወንድም በማተቡ፣ እህት በሶላቷ ጸንተው አንድ ጡት ጠብተው አደጉ። የሥጋው ድስት ብቻ ለየብቻ ነበር፤ ሌላው ሁሉ አንድ ነበር።

ትምህርታቸውን በግራናና በመርሳ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። ከዚያ በላይ አልገፉበትም፤ ልባቸውን መኪና ወስዶት ነበር። በረዳትነት ጀምረው መንጃ ፈቃድ አወጡ፤ ዕድሜያቸውንም ከመርሳ ሲሪንቃ፣ ከሲሪንቃ ወልድያ ሕዝብ ሲያመላልሱ ኖሩ። መንገድ ዳር የቆመ ሽማግሌ ወይም ዕቃ ያዘለች ሴት አልፈው አያውቁም። ተሳፋሪው «ኧረ ሞልቷል!» ብሎ ሲያጉረመርም፣ «እናትህ ብትሆን ሞልቷል ትላት ነበር?» ይሉት ነበር። ያን ጊዜ መኪናው ሙሉ ይስቃል፤ ያጉረመረመውም ራሱ ጠጋ ይላል።

በ1988 ዓ.ም. ከወ/ሮ ይመኙሻል ጋር ትዳር መሥርተው ቃልኪዳንንና አብርሃምን ወልደዋል።

በ2007 ዓ.ም. ፊታቸውና እግራቸው ማበጥ ጀመረ። ደም ግፊት ነው ሲባል፣ ብርድ ነው ሲባል፣ ሁለቱም ኩላሊታቸው ሥራ ማቆሙ ታወቀ። አዲስ አበባ ተወስደው በኩላሊት እጥበት ሲሰነብቱ፣ ከዘመድ ሁሉ ቀድመው «የእኔን ውሰዱ» ያሉት ወ/ሮ ዙልፋ ናቸው። አቶ መልካሙ «ልጆች አሉሽ፤ አይሆንም» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ወ/ሮ ዙልፋም «አንድ ጡት ስንጋራ ያልፈራህ ሰውዬ፣ ዛሬ ምን አዲስ ነገር መጣብህ?» አሏቸው። አቶ መልካሙም ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ። በ2009 ዓ.ም. ንቅለ ተከላው ተደረገ፤ ኩላሊቱም እዚያው የተፈጠረ ያህል ሥራውን ጀመረ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሁሉም ጆሮ ሰጥቶ ይስማ፤ በየደጁ ሲወራ የኖረው ሌላ ነውና።

ሐኪሞቹ ሲሸኟቸው አስጠንቅቀው ነበር። ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋው የሚያደርገው መድኃኒት፣ የደም ስኳርን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ጣፋጭ ይቅር ብለዋል። በእኛ አገር ግን ከሞት የተመለሰ ሰው በባዶ እጅ አይጠየቅም። ከደጋው ማር መጣ፤ ከመርሳ ማንጎ መጣ፤ ለስላሳው በሳጥን መጣ። ጠያቂውም «ስለ እኔ ብለው አንዲት ይቅመሱ» ሳይል አይነሳም። አቶ መልካሙ ደግሞ «የሰው እጅ ከምመልስ ሆዴ ይፈንዳ» የሚሉ ሰው ነበሩ። ወ/ሮ ዙልፋ ይህን አይተው፣ «ወንድምዓለም፣ ኩላሊቴን ሰጠሁህ፤ ምላሴንም ልስጥህ እንዴ? አልበላም ማለት እንዲህ ያቅታል?» ብለው በጠያቂ ፊት ተቆጥተዋል። ጠያቂው ተቀየመ እንጂ ማሩን ይዞ አልተመለሰም።

ዓመት ሳይሞላ የስኳር በሽታ መጣ። ማር ያመጣው ሁሉ ማሩን ረስቶ፣ «ከእህቱ ኩላሊት ጋር የገባ ነው» አለ። ወ/ሮ ዙልፋ ወልድያ ሄደው ተመረመሩ፤ ስኳር የለባቸውም። ወንድማቸው የተከለከሉትን እኔም አልቀምስም ብለው ግን፣ ከዚያ ወዲህ በሰው ቤት ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ጀመሩ። ወሬኛው ይህንንም አይቶ «አላልኳችሁም? ስኳር አለባት!» አለ። ፍቅርን በሽታ ብሎ መጥራት ለዚህ ዓይነት ሰው አይከብደውም። ወ/ሮ ዙልፋ የመርሳን ገበያ ማዘውተር የተዉት ከዚያ በኋላ ነው።

በጦርነቱ ጊዜ መብራት ጠፍቶ መንገድ ሲዘጋ፣ ለወንድማቸው የቀረችውን ጥቂት ኢንሱሊን በእንስራ ሥር በእርጥብ አሸዋ ቀብረው ከሙቀት ያዳኗትም እኚሁ ሴት ናቸው።

አቶ መልካሙ ሥራቸውን አልተዉም ነበር። ባለፈው በጋ የመኪናው ወለል በሞተሩ ግሎ የቀኝ ውስጥ እግራቸውን አቃጠለው። ስኳሩ እግራቸውን አደንዝዞት ስለነበር አልተሰማቸውም፤ ያወቁት ካልሲያቸው ከቆዳቸው ጋር ሲወልቅ ነው። ቁስሉ እንቢ አለ፤ መርዙም ወደ ደም ገባ። ደሴ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ የሚያክማቸው ሐኪም ለቤተሰቡ «ከሁሉም በኋላ የደከመው ኩላሊቱ ነው፤ እስከቻለው ታግሏል» ብሏል። ይህ ቃል በዚህ ጽሑፍ የሰፈረው፣ ሊሰሙት የሚገባቸው ሰዎች ዛሬ እዚህ ስላሉ ነው።

በመጨረሻ «ዙልፋን ጥሩልኝ» አሉ። ሲመጡም እጃቸውን ይዘው፣ «ኩላሊትሽ አላሳፈረሽም እቴ። ያሳፈርኩሽ እኔ ነኝ፤ ሲያሙሽ እየሰማሁ ሰው እንዳይቀየመኝ ዝም አልኩ» አሏቸው። ወ/ሮ ዙልፋም «ተው ወንድሜ፤ የብዙነሽ ልጅ ሰጥቶ አይጸጸትም» አሉ። አቶ መልካሙ በተወለዱ በ56 ዓመታቸው፣ መጋቢት 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ወ/ሮ ዙልፋን እህታቸውን፣ ወ/ሮ ይመኙሻልን ባለቤታቸውን፣ ቃልኪዳንንና አብርሃምን ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። እህት ከሚስት ቀድማ የተጻፈችው በስህተት አይደለም፤ ወ/ሮ ይመኙሻል ራሳቸው «እሷን አስቀድሙ» ብለው ነው። ዛሬ ከአቶ መልካሙ ጋር ከወ/ሮ ዙልፋ ገላ የተከፈለው አብሮ ወደ አፈር ይገባል። ስለዚህ ድንኳን የሚገባ ሁሉ አስቀድሞ እርሳቸውን ያጽናና፤ ሻያቸውንም ያለ ስኳር ያቅርብላቸው።

መንገድ ዳር የቆመን አልፈው የማያውቁትን አቶ መልካሙን፣ ፈጣሪም በደጁ ቆመው ሲያያቸው አይለፋቸው። አሜን።