የጊታሩ ጆሮ

ለእታለም፣

የአብርሃም አምላክ ጤናና ሰላም ይስጥሽ እያልኩ ከእስራኤል፣ ከአሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ አሌፍ ከሚሉት ሰፈር እጽፍልሻለሁ። እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ እንዴት ሆነ? ልጆቹስ በርትተው ይማራሉ? አከራያችሁ መጨቅጨቁን ተወ? ጎረቤቶቹ ሁሉ እንደምን አሉ? ስለ እማዬ ጤና አልጠይቅሽም። ለምን እንደማልጠይቅ አንቺ ቀድመሽ ታውቂዋለሽ፤ እኔም ይኸው አወቅሁ።

እኔ ለሆዴ ደህና ነኝ። ወደብ ሥራዬን እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ከሰው ጋር መቀመጥ ግን አስጠልቶኛል። ሊጨብጡኝ እጃቸውን ሲዘረጉ ይቀፈኛል። ይህን በስልክ ብጀምረው ጮኼ እዘጋብሽ ነበር፤ ወዳጄ ባሕሩ ወደ ጎንደር ስለሚመጣ በእሱ እጅ ልኬዋለሁ።

ነገሩን ከጊታሩ ልጀምርልሽ፣ ሁሉም የወጣው ከእሱ ነውና። ግራኝ መሆኔን ታውቂያለሽ። እዚህ ሱቅ ያለው ጊታር ሁሉ ለቀኝ እጅ ነው፤ ለግራኝ ቢገኝም የማይረባ ነው። ስለዚህ የምታውቂያቸው፣ እዚህ ያሉት የአገራችን ሰው የወይዘሮ ደስታነሽ ልጅ ናዖር በልኬ እንዲሠራልኝ ተስማማን። ናዖር እዚሁ የተወለደ ነው፤ ፋብሪካዎቹ ሰፈር ጠባብ ወርክሾፕ አለው፣ ጊታር ይሠራል። ገላውን ጠረበ፣ አንገቱን ገጠመ፣ ቀለሙን ቀባ። የቀረው ፒክአፕ የሚሉት ብቻ ነበር። ፒክአፕ ስልሽ የጭነት መኪና እንደሚታይሽ አውቃለሁ፤ ይኼኛው ከክሩ ሥር የሚቀመጥ ማግኔት ነው፣ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። የኤሌክትሪክ ጊታር ጆሮ በይው። ክሩ ሲርገበገብ ሰምቶ ለድምፅ ማጉያው የሚያቀብለው እሱ ነው። ጆሮው ካልረባ እንጨቱ ቢያምር ባያምር ዋጋ የለውም።

ጆሮው ሁለት ዓይነት ነው። ባለ አንድ የሽቦ ጥቅሉ ጥርት ያለ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፤ ነገር ግን በአካባቢው ያለውን የመብራት ጉምጉምታ ሁሉ አብሮ ያሰማል። ባለ ሁለት ጥቅሉ ጉምጉምታውን ያጠፋል፣ ድምፁም ወፍራም ነው። በየሰርጉ የምመታበት ባንድ አለቃ ቤንያሚን ባለ ሁለቱን አስገባ እያለ ይወተውተኛል። በሰርግ አዳራሽ ጥራት የሚሰማ ማን ነው፣ ሰው የሚፈልገው ደረቱ ላይ የሚደልቅ ነገር ነው ይላል። ከአፉ የሱፍ ፍሬ አይጠፋም፤ እያወራ ቅርፊቱን ጫማዬ ላይ ይተፋዋል። ስለ ድምፅ የሚመክረኝ እንግዲህ ይህ ሰው ነው።

እኔ የፈለግሁት ባለ አንዱን ነበር። ምክንያቱን እያፈርኩም ቢሆን ልንገርሽ፤ እማዬ ስታንጎራጉር ያለውን ድምፅ እንዲመስልልኝ ነው። ቀጭን ሆኖ ጫፉ ላይ ትንሽ የሚሻክረውን። ዘንድሮ የእናንተ ወደዚህ መግቢያ ፈቃድ ይወጣል፣ እማዬ ስትመጣ የራሷን ዜማ በጊታር እየመታሁ እቀበላታለሁ ብዬ ነበር። ለሌላ ለማንም አልነበረም ያሠራሁት።

ናዖር ግን ያጓትተኝ ጀመር። አንድ ቀን ሽቦው አልመጣም ይላል፣ ሌላ ቀን ማግኔቱ ደካማ ነው ይላል። ስሄድ ዓይኔን አያይም። ሰነፍ መስሎኝ ለእናቱ ከሰስኩት። ወይዘሮ ደስታነሽ ልጃቸውን አልተቆጡም። ሳህኔ ላይ ሥጋ እየከመሩ፣ ብላ ልጄ፣ ምን ያስቸኩልሃል አሉኝ። ያን ሥጋ አጣጥሜ በላሁት።

በጥር መጨረሻ በቃኝ ብዬ ወርክሾፑ ሄድኩ። ሁለቱንም ፊቴ አስረህ አሰማኝ፣ ዛሬ ሳልመርጥ አልወጣም አልኩት። እየተቅለሰለሰ ባለ አንዱን በየደና ከማጉያው አገናኘው። ለማነጻጸር እንዲሆነኝ፣ ያለፈው አርብ የላክሽልኝን የእማዬን ድምፅ ከስልኬ ወደዚያው ማጉያ አስገባሁት። ስደውል ተኝታለች፣ ጸሎት ቤት ሄዳለች እያልሽኝ፣ አርብ አርብ ግን ለሰንበት የምትልኪልኝን ምርቃቷን ማለቴ ነው። ከምርቃቱ በፊት ትንሽ ታንጎራጉራለች።

ድምፅዋ ወርክሾፑን ሞላው። ከኋላው ግን ሽሽሽ የሚል ነገር አለ። ባለ አንድ ጥቅሉ ገና ከአሁኑ ሊያስቸግረኝ ነው ብዬ ጊታሩን ንቀለው አልኩ። ነቀለው፤ ሽሽታው አልጠፋም። መብራቱን አጥፋ አልኩ፤ አጠፋው፤ አሁንም አለ። እዚህ የሚዘንበው በዚህ ወራት ነውና ደጅ ይሆናል ብዬ በሩን ከፈትኩ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ተመልሼ ጆሮዬን ማጉያው ላይ አስጠጋሁ። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነበር።

እታለም፣ በጥር ጎንደር ምን ዝናብ አለ?

ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ እያልኩ መልእክት ስልክላት እማዬ ለምን እንደማትመልስልኝ፣ ለምን ውሃ ጠጣ፣ ብርድ እንዳይመታህ ብቻ እንደምትለኝ ያኔ ገባኝ። ዞሬ ናዖርን አየሁት። እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል። እናቴ አትጨርስለት ስላለችኝ ነው አለ። ሐዘንተኛ ዓመቱ ሳይሞላ ዘፈን አይነካም፣ ጊታሩን ብትሰጠው ኃጢአቱ በአንተ ነው ብላኛለች አለ። ሽማግሌዎቹ መርዶውን እስኪነግሩህ እየጠበቅሁ ነበር አለ።

ሌላው ሰው መርዶውን ማለዳ፣ ዘመድ ከቦት፣ እጁን ይዘውት ይሰማል። እኔ በብየዳ ጭስ መሃል ከማጉያ ሰማሁት።

የቀረውን ከናዖር አወጣጣሁት። የሞተችው በሐኑካ በዓል ሰሞን፣ በታኅሣሥ መግቢያ ነው። አንቺ ለወይዘሮ ደስታነሽ ደወልሽ፤ ብቻውን ነው፣ ሰው ሰብስባችሁ በወጉ ንገሩልኝ አልሽ። እሳቸው የቤተ እስራኤሉ ቄስ ይምጡ አሉ። ቄሱ ሲታመሙ እስኪሻላቸው ተባለ። ከዚያ የሰፈራችን ልጅ የሮተም ሰርግ ደረሰና ሰርጉ ይለፍ ተባለ። አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ሠላሳው ቀን አለፈ። አንቺም እስኪነገረኝ እንዳልጠረጥር ክረምት የቀዳሽውን ድምፅ ትልኪልኛለሽ።

በሮተም ሰርግ ጊታር የመታሁት እኔ ነኝ። እናቴ አፈር ለብሳ እኔ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ሰው አስጨፈርኩ። አዳራሹ ሙሉ ያውቅ ነበር። አንዲት ሴትዮ መጥታ ግንባሬን ስትስመኝ አመታቴ ደስ ብሏት መስሎኝ ሳቅሁላት። ቤንያሚንም ያውቅ ነበር፤ ድምፅ ጨምር እያለ በእጁ ይጠቅሰኝ ነበር። ሁሉንም ተጸየፍኳቸው። ከእነሱ ይልቅ ግን ያን ጊዜ የሳቀው ጥርሴ አስጠላኝ።

ረቢውን ጠየቅሁት። ከሠላሳ ቀን በኋላ ለሰማ ሰው ሰባት ቀን ለሐዘን መቀመጥ የለም፣ አንድ ሰዓት ይበቃዋል አለኝ። ልብሴን ቀድጄ ኩሽናው ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ወይዘሮ ደስታነሽ ሰው አስከትለው፣ ምግብ ይዘው መጡ፤ በሩን አልከፈትኩላቸውም። ለእናቴ የደረሳት አንድ ሰዓት ነው። ሰባት ቀኗን የበሉባት ሰዎች ደጄ ላይ ቆመው ያለቅሳሉ።

ጊታሩ ናዖር ጋ ተሰቅሏል። ዓመቱ እስኪሞላ እንዳትነካው ብዬዋለሁ፤ ሲሞላ ባለ አንድ ጥቅሉን ይገጥምልኛል። ጉምጉምታውን ያሰማ። ጉምጉምታ የሚደብቅ ነገር ከእንግዲህ ቤቴ አይገባም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ካወቅሁ በኋላም አርብ መጣ፣ አንቺም ማወቄን ሳታውቂ ድምፅ ላክሽ። በዚህኛው ዝናብ የለም። ውሃ ጠጣ፣ ብርድ እንዳይመታህ ይላል፤ አፉን በነጠላ እንደሸፈነ ሰው፣ ቀስ ብሎ። የእማዬ ቅጂ አልቆብሽ እሷን መስለሽ የተናገርሽው አንቺ ነሽ። አንዱን ድምፅ ከሌላው ለመለየት ስንት ቀን ናዖር ወርክሾፕ የተመላለሰ ሰው ይህን አይስተውም። መጀመሪያ ስሰማው ከሁሉም የባሰ አንገሸገሸኝ፤ ስልኩን ግድግዳ ላይ ልወረውረው ነበር። ከዚያ ደግሜ ሰማሁት። መጨረሻው ላይ ልጄ ልትይ ስትጀምሪ ትንፋሽሽ ይቆረጣል። እስከ ዛሬ ማን አብሮሽ እንዳለቀሰ አንድም ሰው የጠየቀሽ አይመስለኝም። እኔም አልጠየቅኩሽም።

ነፍሷን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋር ያኑርልን። አንቺንም ያጽናሽ፣ የምትጠብቂውን ፈቃድ ያሰማሽ፣ ልጆቹን ያሳድግልሽ። እንደተቆጣሁ ነኝ፤ ቁጣዬም በቶሎ አይበርድም። አርብ ግን ስልኬን ይዤ እጠብቃለሁ። በራስሽ ድምፅ ተናገሪ።

ወንድምሽ፣ የእናትሽ ልጅ