ጆሮዋ ያልታየው የክርስትና ፎቶ

ይድረስ ለምሳሳልህ ለአባቴ፣ ለኃይለ መስቀል።

እንደምን ከርመሃል አባዬ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? የኮምቦልቻ ሙቀት ከአሁኑ ጀምሯል ስትል ሰምቻለሁ፤ እንቅልፍስ ይወስድሃል? ግራ ዓይንህስ ካለፈው ወር ወዲህ እንዴት ናት? እኛ ሐሳባችን እናንተ ጋ ከመሆኑ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን። ልጃችን ሃሌሉያም ደህና ናት፤ ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ትልካለች። ይህን የምታነብልህ እህቴ አብዮት እንደሆነች አውቃለሁ። አብዮትዬ፣ ቀልዱን እየዘለልሽ ምክሩን ብቻ እንዳታነቢለት፣ አደራሽን።

ከደብዳቤው ጋር የመጣውን ረጅም የካርቶን ቱቦ ገና አትክፈተው። መጀመሪያ ይህን ስማኝ።

ሐኪሟ የግራ ዓይንህ ሞራ ይገፈፋል ካለችህ ወዲህ ቀጠሮውን ሁለት ጊዜ አሳልፈሃል። ምክንያትህን ነግረኸኛል። ቀኟ ከጠፋች ቆየች፣ የቀረችኝ አንዲት ናት፣ እሷም ተነክታ ብትበላሽ የልጅሽን ፊት ሳላይ ልቀር ነው አልከኝ። ያን ዕለት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እስካሁን የላክሁልህ ፎቶ ሁሉ በስልኩ መስታወት ላይ እያብለጨለጨብህ፣ ፊት መሆኑን እንጂ የማን ፊት መሆኑን አትለይም። አንተ የፈለግኸው ደግሞ የክርስትናዋን ነው፤ እማዬ ከማረፏ በፊት ለእኔ ልጅ ብላ ራሷ ፈትላ ያሸመነችውን ትንሽ ጋቢ ለብሳ የተነሳችውን። በወረቀት አሳድገሽ ላኪልኝ፣ እሷን በደንብ ካየሁ ወደ ሐኪሟ እሄዳለሁ ብለሃል። ቃልህ ነው፣ አብዮትም ምስክር ናት።

ችግሩ ፎቶው ራሱ ነበር። የባለቤቴ የጸጋዘኣብ እህት ተኽሊት ከሰው ኋላ ቆማ በስልኳ ያነሳችው ነው፤ ሃሌሉያ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች። ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ደግሞ እየተጨመቀ ጥራቱ ወረደ። ዋናውን ላኪልኝ ብዬ ተኽሊትን ብጠይቃት፣ አሮጌውን ስልክ ለሱቁ መልሳ አዲስ ወስዳ ኖሯል፤ ፎቶውም አብሮ ሄደ። እሷን አትቆጣት፣ በአንተ ፈንታ እኔ ተቆጥቻታለሁ።

እዚህ ሲያትል፣ ኦቴሎ የሚባለው ሰፈር፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ የሠርግ ጥሪና ባነር የሚያትም ኢሳይያስ የሚባል ሰው አለ። ፎቶውን አየና ሳቀ። ሶ፣ ይሄ ዝም ብሎ ኢንላርጅ ቢደረግ የሚወጣው ጭጋግ ነው፣ ኤአይ ያለውን ሶፍትዌር ትራይ አድርጊ፣ ግን ዙም አድርገሽ ሳታዪ ፕሪንት እንዳታስደርጊ አለኝ። እኔም ቱክዊላ ከምሠራበት መጋዘን ስመለስ አውቶብስ ውስጥ ተቀምጬ በነጻ የሚገኘውን አንዱን ስልኬ ላይ ጫንኩ። ጉድ ሠራኝ! ፊቷ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ጸጋዘኣብ እልል ሊል ምንም አልቀረውም። ጠጋ ብዬ ሳይ ግን የሰማንያ ቀን ልጅ ጥርስ አብቅላለች። ሁለት ነጫጭ ጥርስ፣ ያውም ከላይ። አንተ ይህን ብታይ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተህ ጸበል ውሰዷት ማለትህ አይቀርም ነበር። አሁን በስምንት ወሯ የእውነት አብቅላለች፣ ከታች ግን።

ቀጥሎ የሞከርኩት የሚከፈልበት ነው። ጥርስ አልጨመረባትም፤ የእማዬን ጋቢ ግን የፋብሪካ ብርድ ልብስ አደረገው። አንዱ ጋ ወፈር፣ አንዱ ጋ ቀጠን የሚለው ክሯ ጠፋ፤ ሰማያዊው ጥለት ላይም አበባ ተሳለበት። ጋቢው በሸፈነው በኩል ደግሞ ጆሮ አወጣላት፤ ክብ፣ ቆንጆ፣ የማንም ያልሆነ ጆሮ። ጸጋዘኣብ ያምራል እኮ፣ እሱን ላኪላቸው፣ አባባ የት ያውቃሉ አለኝ። እኔ ግን ከበደኝ። አንተ በዚህ ፎቶ ላይ ዓይንህን አስይዘሃል። የሌላ ሰው ልጅ አሳይቼ ሐኪም ቤት ልሰድህ አልችልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፎቶ የተሠራው ከትንንሽ ነጥቦች ነው፤ ሲያድግ በነጥቦቹ መሃል ክፍተት ይፈጠራል። ሶፍትዌሮቹ ያን ክፍተት ከሌሎች ሰዎች ፎቶ በተማሩት ግምት ይሞሉታል። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ፣ መንገዱን በቃሌ አውቀዋለሁ ብሎ ከሚነዳው መብራት አብርቶ የሚያዘግመው ይሻላል ትለን ነበር። እኔም የሚያዘግመውን ስፈልግ ሰነበትኩ።

በመጨረሻ አንድ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን አገኘሁ፤ ምን ያህል እንዲገምት ራስህ ትወስንለታለህ። ፊት አሳምር የሚለውን አጠፋሁት፣ ግምቱን ወደ ታች አወረድኩት፣ ፎቶውንም በአንዴ ከማግዘፍ ትንሽ በትንሽ አሳደግኩት። ኢሳይያስ የጋቢውን ጫፍ ብቻ ለሙከራ አተመልኝ። የእማዬን ክር ሳየው እንባዬ መጣ፤ ኢሳይያስም ቀስ ብሎ፣ ኦኬ፣ ይሄን ፕሪንት እናደርጋለን አለ። እንደ ፊተኛው የጠራ አይደለም፣ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ደብዘዝ ይላል። ያለው ሁሉ ግን የእሷ ነው።

በል አሁን ክፈተው። ቀስ ብለህ፤ እዚህ ቡሪየን የሚኖረው ወንድምአገኝ እንዳይታጠፍ እስከ ኮምቦልቻ ጭኔ ላይ አድርጌ አደርሰዋለሁ ብሎኛል። በረንዳው ላይ ተቀመጥና ፀሐዩን ከኋላህ አድርገው። ሰፊው ግንባር የአንተ ነው። ቅንድቧን የሰበሰበችው ውሃው ሊነካት ሲል ነው፤ ቁጣዋም የአንተ ነው። ጥለቱን በጣትህ ተከተለው፣ የማን እጅ እንደሆነ ታውቀዋለህ።

በተደዋወልን ቁጥር፣ ጆሮዋስ እንደ እናትሽ ጫፉ እጥፍ ያለ ነው ወይ ትለኛለህ። እዚህ ፎቶ ላይ አታገኘውም፤ ጋቢው ሸፍኖታል፣ ሶፍትዌሩም ያላየውን አልጨመረም። እኔም አልነግርህም። አብዮትንም እንዳትነግርህ አስጠንቅቄያታለሁ። ከፋሲካ በኋላ ሞራህ ይገፈፍልህ። እኛ ሐምሌ ላይ እንመጣለን፣ ቲኬቱን ቆርጠናል። ጭንህ ላይ አስቀምጣታለሁ፤ ጋቢውን ገለጥ አድርገህ ራስህ ታያለህ።

እህቴን አብዮትን ስላነበበችልህ ጉንጯን ስሜያታለሁ። ልጇን ዮዳሄን ለፈተናው በርታ በልልኝ። ጓሮውን ለምትጋራችሁ ለእማማ ለተንሳኤም እጅ ነስቻለሁ፤ ፎቶውን ሳያዩ እንዳይሄዱ። ጸጋዘኣብ በብዙ አክብሮት ሰላም ይልሃል፣ ስለዚያ ሐሳቡም ይቅርታ ጠይቋል። ለግራ ዓይንህ ደግሞ ለብቻዋ ሰላምታ አድርስልኝ፤ ሐምሌ ላይ ሥራ አለባት በላት።

ልጅህ የኔነሽ
ሲያትል፣ የካቲት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.