ሃያ ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ስለ ቆመው የፈተና መጽሐፍ

ቀን፦ ሐምሌ 14

ለፈተናዎች ቅሬታ ሰሚ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና በተጨማሪ ንባብነት የተመረጠው የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ልብ ወለድ መጨረሻ የሌለው ሆኖ ስለ ተገኘ፣ በዚሁ ምክንያት የወደቀች ተማሪ ውጤት እንዲታረም ስለ መጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ጠረጴዛዎ ላይ ብዙ ወረቀት እንደ ተቆለለ አውቃለሁ፤ በርዎ አጠገብ ያለውን አግዳሚ ወንበር ሦስት ቀን ሙሉ ሳሞቅ ሰንብቻለሁ። ሆኖም ይህን ማመልከቻ እስከ መጨረሻው መስመር እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። እስከ መጨረሻው ያልኩበት ምክንያት ወደ ታች ሲወርዱ ይገለጥልዎታል።

1. እኔ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ ባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሃያ ስድስት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። አምና ተጨማሪ የንባብ መጻሕፍትን የሚመርጥ አራት አባላት ያሉት ኮሚቴ ሲቋቋም አንዱ ሆኜ ተመደብኩ። ሰብሳቢያችን የሥርዓተ ትምህርት ክፍል ሹም፣ ሌሎቹ ደግሞ አንድ የኮሌጅ መምህርና አንድ ሱፐርቫይዘር ነበሩ። ደብዳቤው ሲደርሰኝ ደስ ብሎኝ ሸሚዝ አስተኩሼ ነው የሄድኩት።

2. የቀረቡት ልብ ወለዶች ዘጠኝ ነበሩ። አንዱ ወፍራም ነው ተብሎ ወደቀ። ሌላው ሽፋኑ ላይ ያለችው ሴት ትከሻዋ ስለሚታይ ወደቀ። አንደኛው ውስጥ መንፈስ ይታያል የሚል ወሬ ሲነሣ ሰብሳቢው «ፈተና ውስጥ ሰይጣን አናስገባም!» ብለው እሱንም ጣሉት። እስከዚያ ሰዓት ድረስ አንድም መጽሐፍ የገለጠ ሰው አልነበረም። በዚህ ዓይነት ወንፊት ተነፍቶ የተረፈው ስለ አንዲት የእንግዳ ማረፊያ ሠራተኛ የሚተርክ፣ ሠላሳ ስድስት ምዕራፍ ያለው መጽሐፍ ነው። አሠሪዋ ይሞታሉ፤ የወንድማቸው ልጅ ሐሰተኛ ኑዛዜ ያዘጋጅና በምስክርነት እንድትፈርምለት ያስጨንቃታል። ብትፈርም ኑሮዋ ይቃናል፣ ባትፈርም ጎዳና ላይ ትወድቃለች።

3. በቤተ መጻሕፍቱ ያለው ቅጂ አንድ ብቻ ስለ ነበር ተካፍለን እንድናነበው ተወሰነ። ክቡር ኃላፊ፣ ተካፍለን ስል በቢላ ማለቴ ነው። መጽሐፍ ጠራዡ ከምድር ቤት ተጠርቶ መጣና መጽሐፉን አገላብጦ አየው። በዚያ ዘመን አሠራር ገጾቹ ጫፋቸው ተያይዞ ስለሚቀር አንባቢው በቢላ እየለየ ነው የሚያነባቸው፤ ይህኛው ከታተመ ጀምሮ ማንም አልነካውም። ጠራዡ «ጌቶቼ፣ ይሄ እኮ ዳቦ አይደለም» አለ። ሰብሳቢው «አንተ ቁረጥ፣ ማንበቡን ለእኛ ተወው» አሉት። ጀርባውን ሰንጥቆ ዘጠኝ ዘጠኝ ምዕራፍ በሲባጎ አሰረልንና ዕጣ ወጣ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ እኛ ግን ሁላችንም የምንቋምጠው ቀጭኑ እንዲደርሰን ነበር። የመጀመሪያው ለሰብሳቢው፣ ሁለተኛው ለኮሌጁ መምህር፣ ሦስተኛው ለሱፐርቫይዘሩ ወጣ። የመጨረሻውን አራተኛው አባል ወሰደ፤ ስለ እርሱ ኋላ እመለስበታለሁ።

4. ከሦስት ሳምንት በኋላ እያንዳንዱ አባል ለየድርሻው ከአሥር ነጥብ ሰጠና አማካዩ ተሰላ፤ ስምንት ተኩል መጣ። ሱፐርቫይዘሩ በእርሳቸው ድርሻ ውስጥ ስላለ አንድ ሽማግሌ ጠበቃ አድንቀው ሲናገሩ ሰብሳቢው «ማን ነው ደሞ እሱ?» ብለው ጠየቁ። የሳቀ የለም። መጽሐፉ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ አራታችንም ቃለ ጉባኤው ላይ «አንብበን አምነንበታል» ከሚለው ሥር ፈረምን።

5. ለተማሪዎች ሊባዛ ሲላክ ወደ ማተሚያ ክፍል የተመለሱት ሦስት ጥራዞች ብቻ ነበሩ። አታሚው ምዕራፍ ሃያ ሰባት ላይ ነገሩ ግራ ቢገባው «ይህ መጽሐፍ እዚህ ላይ ያልቃል?» የሚል ማስታወሻ ላከ። ሰብሳቢው ኅዳጉ ላይ «የመጣው ይታተም» ብለው መለሱለት። ማስታወሻው ዛሬም ማኅደሩ ውስጥ አለ። የመጨረሻው ገጽ ግማሹ ባዶ ስለ ቀረ አታሚው በራሱ ፈቃድ በትልቁ «ተፈጸመ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ጨመረበት። ሲያልቅ አያምር ይላሉ፤ የእኛው ግን ሳያልቅ ነው ያስጠላው። ሠራተኛዋ ብዕር አንስታ፣ ወረቀቱ ፊቷ ተዘርግቶ፣ እንደ ቆመች ቀረች።

6. መጽሐፉን ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ክፍል ውስጥ እናቷ ልብስ ሰፊ የሆነች አንዲት ተማሪ፣ ይህን የማመለክትላት፣ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ፈረመች ወይስ አልፈረመችም?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ «የዚያ ዘመን ደራሲዎች አንባቢን አንጠልጥለው መተው ይወዳሉ» አልኳት። አርባ አንድ ተማሪ ይህን ደብተሩ ላይ ጻፈው። እርሷ ብቻ ብዕሯን አስቀመጠች።

7. ፈተናው መጣ። ሃያ ነጥብ የያዘው ጥያቄ «ሠራተኛዋ በመጨረሻ የወሰደችው ውሳኔ ከጠባይዋ ጋር ይስማማል?» የሚል ነው። ጥያቄውንና የማረሚያ መልሱን ያወጡት የኮሌጁ መምህር ሲሆኑ፣ በመልሳቸው መሠረት ሠራተኛዋ ፈርማ፣ የአሠሪዋን የወንድም ልጅ አግብታ በደስታ ትኖራለች። ከየት እንዳገኙት ስጠይቃቸው «የዚያ ዘመን መጽሐፍ መቼም ሠርግ ላይ ነው የሚያልቀው፤ ምን ታካብዳለህ?» አሉኝ። ሠርግ ደግሰው የጻፉ ተማሪዎች አሥራ ስምንትና አሥራ ዘጠኝ አገኙ። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ግን የሚከተለውን ጻፈች፦ «የተሰጠኝ መጽሐፍ ሠራተኛዋ ብዕር እንደ ያዘች ያቆማል። ያላነበብኩትን አነበብኩ ብዬ አልጽፍም። በሃያ ሰባት ምዕራፍ ካወቅኋት ግን አትፈርምም።» ከዚያ ምክንያቷን በሁለት ገጽ ዘረዘረች። አራሚው በቀይ «ከጥያቄው ውጭ» ብሎ ዜሮ ሰጣት። ጠቅላላ ውጤቷ አርባ አራት ሆነ፤ የመምህራን ኮሌጁ የሚቀበለው ከሃምሳ ጀምሮ ነው።

8. እናቷ ማኅተም ያለበትን የመልስ ወረቀት ግልባጭ ይዘው ቤቴ ድረስ መጡ። ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደ ተንጠለጠለ ነበር፤ ሥራ አቋርጠው ነው የመጡት። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ። «መምህር፣ እኔ ጨርቅ ቢጎድለኝ ጎደለ ብዬ ለባለቤቱ እነግራለሁ። እጅጌ የሌለው ኮት ሰፍቼ ፋሽኑ ነው አልልም» አሉኝ። ልጅቱ የነገርኳትን ሁሉ ለእናቷ ነግራቸው ኖሯል።

9. ስለዚህ ክቡር ኃላፊ፣ የዚህች ተማሪ የሃያ ነጥቡ ጥያቄ መልስ መጽሐፉን ባነበበ ሰው እንደገና እንዲታረም፣ እንደ እርሷ መጨረሻው የለም ብለው የጻፉ ሌሎች ካሉም እንዲፈለጉ፣ የኮሌጁ ምዝገባ ሐምሌ 22 ስለሚዘጋ እስከዚያው ቦታዋ እንዲያዝላት እጠይቃለሁ። ወደፊት መጽሐፍ የሚመርጥ ኮሚቴ መጽሐፍ እንዲያነብ የሚያዝ መመሪያ ቢወጣ ደግ ነው፤ እንዲህ ያለ መመሪያ ያስፈልጋል ብሎ መጻፍ ግን ራሱ ያሳፍራል።

10. ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። አራተኛው አባል እኔ ነኝ። የመጨረሻው ጥራዝ ከሲባጎው ሳይፈታ አንድ ዓመት ከአራት ወር መሳቢያዬ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ለዚያ ለማላውቀው ክፍል አሥር ከአሥር ሰጥቻለሁ፤ በቅጹ ላይም «አጨራረሱ ልብ ይነካል» የሚል አስተያየት ጽፌያለሁ፤ ግልባጩ ተያይዟል። ሰብሳቢውን፣ የኮሌጁን መምህርና ሱፐርቫይዘሩን ከላይ ስጸየፋቸው ነበር፤ እነሱ ግን ቢያንስ ድርሻቸውን መልሰዋል። የሚወሰነውን ቅጣት ያለ ክርክር እቀበላለሁ።

ጥራዙን የከፈትኩት እናትየው ከሄዱ በኋላ ነው፤ እንዲያዩት ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ቢላ ያረፈበት የገጾቹ ጫፍ ገና ነጭ ነው። ምዕራፍ ሠላሳ አንድን ይመልከቱልኝ፦ ሠራተኛዋ አልፈረመችም። ምክንያቷም የልብስ ሰፊዋ ልጅ በሁለት ገጽ የዘረዘረችው ነው።

አንገቴን ደፍቼ፣ ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የእንግሊዝኛ መምህር፣ የመራጭ ኮሚቴው አራተኛ አባል

ይህኛውን አንብቤ ነው የፈረምኩት።