የፊት በር ጣቢያ

የካቲት 3፣ ሰኞ፣ ከምሳ በኋላ

ለካሁ። ደግሜ ለካሁ። ይገባል!

ጓድ ደብተር፣ ካንተ የምደብቀው የለኝም። መስመሩ ከፊት በር ይነሳል። ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ በቡፌው ጀርባ ያልፋል። በአማቴ አልጋ ሥር ይሹለከለካል (ዋሻ)። የጓዳውን ደጃፍ ይሻገራል (ድልድይ)። ሳሎኑን ዞሮ ተመልሶ የፊት በር። ለሸዋ ሮቢት የመጀመሪያው የባቡር ሐዲድ። የደሴ አስፋልት ደጃችን ላይ ተዘርግቶ እያለ ባቡር ምን ይሠራል የሚል ቢኖር ፀረ ዕድገት ነው፤ ስሙ ይመዝገብ።

ዘይነባ፣ ማለት ባለቤቴና የዚህ ቤት ማዕከላዊ ኮሚቴ፣ ጥያቄ አቀረበች። ማን ይሳፈርበታል? ማንም። ምን ይጭናል? ለጊዜው ምንም። ታዲያ ለምኑ ነው? ሜትሬን ዘረጋሁ። ታላላቅ ውጥኖች የሚጨናገፉት እንዲህ ባለ ጥያቄ ነው።

ሙቀቱ ሰው ይቀቅላል። ሸሚዜን አውልቄ፣ በሆዴ ተኝቼ፣ ሜትሬን አልጋው ሥር ስሰድ አማቴ እትዬ ፋጡማ እግሬን በምርኩዛቸው ዳበሱት። አልተንቀሳቀስኩም፤ ቁጥሩ እንዳይጠፋብኝ። ኢናሊላሂ አሉ። በሕይወት መኖሬን ለማሳመን ብዙ ደከምኩ።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

የንብረት ሪፖርት። አንድ አረንጓዴ ባቡር ከነሦስት ፉርጎው፤ ምሥራቅ ጀርመን ተምሮ የመጣ የት/ቤት ባልደረባዬ ያመጣልኝ። ከእሱ ጋር የመጣው ሐዲድ የምግብ ጠረጴዛ እንኳ አይዞርም። የቀረው በራስ የመተማመን መርህ። እንጨቱ ከቲማቲም ሳጥን። ሐዲዱ ወፍራም ሽቦ፤ በመዶሻ እያቃናሁት ነው። ኃይል፦ የጎረቤታችን የሾፌሩ አሮጌ የመኪና ባትሪ። እሱ ራሱ እየሞላ ያመጣልኛል፣ አንድ ቀን ፉጨቱን እንዲነፋ ከተፈቀደለት። ተፈቅዶለታል። ፉጨት የለም ግን። ወደፊት።

ማታ፣ ከእራት በፊት። አገኘሁት! ለምን እንደሚጠቅም አገኘሁት!

እንግዳ ሲመጣ በር ላይ ቆሞ ቤቶች፣ ቤቶች ይላል። ዘይነባ ኋላ ጓዳ ናት፣ አትሰማም። እንግዳው ይቀየማል። ከእንግዲህ ግን፦ የበሩ ምንጣፍ ሥር ሁለት የዘይት ቆርቆሮ ቅዳጅ፣ በመሃላቸው ስፖንጅ። እንግዳው ሲረግጠው ቆርቆሮዎቹ ይሳሳማሉ። ባቡሩ ይነሳል። የጓዳው ድልድይ ላይ የተሰቀለ የፍየል ቃጭል ይገጫል። ዘይነባ ሰው መጣ ትላለች። ባቡሩ ዞሮ በር ሲደርስ ማብሪያውን በራሱ ግንባር ገፍቶ ይቆማል። የሰው እጅ የለበትም። አውቶማቲክ!

ነገርኳት። አንተ ሰውዬ፣ በር ማንኳኳት የሚባል ነገር ሰምተህ ታውቃለህ አለችኝ። ግን ፈገግ ብላለች። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

የመጀመሪያው የሙከራ ጉዞ። የመጀመሪያው የባቡር አደጋ። ምክንያቱ፦ ምርኩዝ። እትዬ ፋጡማ ከአልጋቸው ሥር ሲንኮሻኮሽ ሰምተው አይጥ ነው ብለው ወረዱበት። አንድ ፉርጎ ቆስሏል። ሞተሩ ተርፏል፣ አልሐምዱሊላህ።

አልጋቸው ሳሎን የሆነበት ምክንያት አለ። ልጃቸው ጀማል፣ የዘይነባ ታናሽ፣ አምና ለብሔራዊ ውትድርና ከዚህ ቤት ተነስቶ በጭነት መኪና ሄደ። ወደ ሰሜን። ከክረምት ወዲህ ደብዳቤ የለም። እሳቸው ያን ጊዜ ከጓዳ አልጋዬን አውጡልኝ አሉ፤ ፊቴን ወደ በር አዙሩልኝ። እግራቸው አይሄድም። ዓይናቸው ብርሃንና ጥላ ነው የሚለየው። ሰው በገባ ቁጥር ከሰላምታ በፊት ማነው ይላሉ። ስሙ ሲነገራቸው እህ ይላሉ። ከዚያ ነው ሰላምታው።

አይጥ እንዳልሆነ አስረዳሁ። ባቡሩን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ጎማውን በጣታቸው አሽከረከሩ። ቃጭሉ ከተሰማ ሰው ገባ ማለት ነው? አዎ እማማ። ሱብሓነላህ አሉ። ከሰዓት በኋላ ምንጣፉን ሦስቴ አስረገጡኝ። ሦስቴም ማነው አሉኝ። ሦስቴም እኔ ነኝ አልኩ። እህ።

የካቲት 7፣ ዓርብ

የቀበሌው ሊ/መንበር መጡ። አንድ አብዮት ጠባቂ አስከትለው። መ/ር ዑመር (እኔ ነኝ) ቤቱን በሽቦ እያጠረ ነው የሚል ጥቆማ ደርሷቸዋል። ሽቦ፣ ባትሪ፣ ቃጭል፤ ሦስቱ ሲደመሩ ሬዲዮ መገናኛ ይመስላል። ደሜ ቀዘቀዘ። በዚህ ሙቀት የቀዘቀዘ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ምንጣፉን ይርገጡ አልኳቸው። ረገጡ። አረንጓዴው ብቅ አለ፣ ቡፌው ጀርባ ገባ፣ ከአልጋው ሥር ወጣ፣ ቃጭሉን ገጨ። ሊ/መንበሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቀጥሎ ተንበረከኩ። ቀጥሎ ጉንጫቸውን ወለሉ ላይ አድርገው በዋሻው ውስጥ ተመለከቱ። ጠባቂው ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ምንጣፉን በተራው ረገጠ። ሁለቱም ወረፋ ያዙ።

ሲወጡ አንድ መመሪያ ብቻ፦ ሞተሩ ላይ ቀይ ባንዲራ ይሰቀል። ከዘይነባ አሮጌ ሻሽ ቀድጄ ሰቀልኩ። ሻሹ አሮጌ እንዳልነበረ ማምሻውን ተነገረኝ።

የካቲት 10፣ ሰኞ

አስቸኳይ ስብሰባ። የፊታችን ሐሙስ ለጀማል ዱዓ ይደረጋል። ሼህ አሊ ይመራሉ፤ ጎረቤት ሁሉ ይመጣል። የዘይነባ ውሳኔ፦ ባቡርህ እንግዳ ይቀበል፣ ከተቀበለ በኋላ ጸጥ ይበል። ዱዓውን ከረበሸ ዓርብ ጧት ሐዲዱ ይነቀላል፣ ባትሪው ለባለቤቱ ይመለሳል፣ ፉርጎዎቹ ለልጆች ይሰጣሉ። ቀልድ የለም። የወንድሟ ዱዓ ነው።

አይረብሽም። ወላሂ አይረብሽም። እየሞከርኩ ነው። በቀስታ ረግጬ ሞከርኩ፣ ዘልዬ ሞከርኩ፣ የጎረቤት ፍየል ጎትቼ አስረገጥኩ። አንዴ ይዞራል፣ ይቆማል። ሁልጊዜ። የጀርመን ሥራ!

ባትሪው ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ከትልቁ ትራስ ጀርባ ደበቅሁት። የክብር እንግዳ የሚቀመጥበት ቦታ፤ ማንም አይነካውም።

የካቲት 13፣ ሐሙስ፣ ማምሻውን

ጓድ ደብተር፣ የአደጋ ሪፖርት።

አጀማመሩ ያማረ ነበር። አንድ ሰው ሲገባ አንድ ዙር፣ አንድ ቃጭል። ጎረቤት ተደሰተ፤ ወጥተው የገቡም ነበሩ። ዘይነባ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝና ራሷን ነቀነቀች፤ ይሁን እንደማለት። ሼህ አሊ በትልቁ ትራስ ተደላደሉ። ጫቱ ተዘረጋ። እጅ ወደ ላይ ተነሳ።

ባቡሩ ግን አልቆመም።

ዞረ። በር ደረሰ፣ ማብሪያውን ገፋ፣ እንደገና ተነሳ። ለምን? ዓይኔን ወደ በሩ ላክሁ። ጫማ! ኮንጎ፣ በረባሶ፣ ሸበጥ፣ የሰፈሩ ጫማ በሙሉ ምንጣፌ ላይ ተቆልሏል፤ አንድ ጥንድ ስፖንጁን አያሸንፍም፣ ክምሩ ግን ተጫነው። ለእግር ነው ያቀድኩት። ስንት ዘመን እዚህ አገር ኖሬ፣ የራሴን ጫማ በየቀኑ እዚያው ላይ አውልቄ፣ ሰው እንግድነት ሲገባ እግሩን ይዞ ጫማውን በር ላይ እንደሚተው አላሰብኩም። ጫማ በር ላይ ሳትተው የገባችው ፍየሏ ብቻ ናት። ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ እንዳይሰሙ።

ባትሪው ከሼህ አሊ ጀርባ። እሳቸው እጃቸውን ዘርግተዋል። በዱዓ መሃል በሼህ ፊት ተራምዶ ማን ያልፋል? እጄን ዘርግቼ ተቀመጥሁ። ባንዲራው በጉልበቴ ሥር አለፈ። አሚን። ቃጭል። አሚን። ቃጭል። የሾፌሩ ትከሻ ይርገፈገፋል። ሼህ አሊ አንድ ዓይናቸውን ገልጠው ባቡሩን ሸኙት፤ ከዚያ ወዲያ ቃጭሉ እስኪያልፍ እየጠበቁ ቀጠሉ። እኔም ሳቄ መጣ። አልክድም።

ያን ጊዜ ከአልጋው ላይ፦

«ማነው የገባው?»

ባቡሩ ዞረ። ቃጭል።

«ማነው? እናንተ ሰዎች፣ ማነው የገባው?»

የሾፌሩ ትከሻ ቆመ። ሌላ ቃጭል። እትዬ ፋጡማ በክርናቸው ተነስተው ፊታቸውን ወደ በሩ አደረጉ።

«ጀማል ነው?»

ተነሳሁ። በሼህ አሊ ፊት አለፍኩ፣ እጄን ከጀርባቸው ሰድጄ ሽቦውን በጠስኩ። ባቡሩ ባለበት ቆመ።

«ማንም አይደለም እማማ» አልኩ። «ጫማ ነው።»

እህ አላሉም።

የካቲት 14፣ ዓርብ፣ ጧት

ዘይነባ አልጮኸችም። መጮህ ትችል ነበር፣ መብቷ ነው። ቁርስ አቅርባ ወደ ጓዳ ገባች። ጉጠቱን አነሳሁ። ከበሩ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ሚስማር ሲጮህ ከአልጋው ምን እያደረግህ ነው ተባልኩ። እየነቀልኩ ነው አልኩ። ማን ንቀል አለህ? ዘይነባ። እሷ ጓዳ ናት፣ አሉ፤ በሩን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ጫማውን ነው የምታነሳው እንጂ መንገዱ ምን አደረገህ?

ምንጣፉ እንዳለ ከሆነ ጫማ መቆለሉ አይቀርም፣ እንግዳ በገባ ቁጥርም እርስዎ ይደነግጣሉ አልኩ። ምርኩዛቸውን ወደ በሩ ዘረጉ። ከዚያ በረጋ ድምፅ፦

«ልጄ በፊት በር ነው የወጣው። በፊት በር ነው የሚገባው። ሌላው በጓሮ ይግባ።»

እንደዚያ ከሆነ ባቡሩ ሥራ ይፈታል፣ ቆሞ ይቀራል አልኩ። ጭራሽ ተከራከርኩ! የምድር ባቡር ሚኒስትር ነኝ፤ የማይሄድ ባቡር ማን ያቅዳል?

«ይቁም። ሲመጣ ይነሳል።»

ዘይነባ የጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላየሁም። መጥታ ጉጠቱን ከእጄ ወሰደች። መዶሻውን ሰጠችኝ።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

አዲሱ መመሪያ ሥራ ላይ ውሏል። ቤተኛና እንግዳ በጓሮ፣ በሽንኩርቱ መደብና በልብስ ማስጫው በኩል። ሼህ አሊ ያለ አንድ ቃል ታዘዙ። ሊ/መንበሩ ዛሬ በልማድ ወደ ፊት በሩ ሲመጡ ከአልጋው ላይ በጓሮ ተባሉ። ዞረው መጡ፤ የጓዳው ጉበን ግንባራቸውን መታቸው፣ እርጥብ አንሶላ ፊታቸውን ጠረገላቸው። በየትኛው መመሪያ እንደሆነ ጠየቁኝ። ከበላይ አካል ነው አልኩ። ተቀበሉ።

እቅዱ ግን አልቆመም፤ እንዲያውም ሞቋል! ሐዲዱን በየጧቱ በላምባ እወለውላለሁ፣ ዝገት እንዳይዝ። ሾፌሩ ባትሪውን በየሳምንቱ ይሞላል፤ ፉጨቱን ረስቶታል። የበጠስኩትን ሽቦ ቀጥዬ የቆሰለውን ፉርጎ ጠግኛለሁ። ሁለተኛ ቃጭል ጨምሬያለሁ፣ ዋሻው ውስጥ፣ ትራሳቸው ሥር። ከጓዳው በፊት እሳቸው ይስሙ።

ግን ያልተሞከረ መስመር መስመር አይደለም። እንዴት ይሞከራል? ቃጭሉ ከጮኸ…

ከምሳ በኋላ፣ እንቅልፍ ሲወስዳቸው፣ ሁለቱንም ቃጭል በጨርቅ ጠቀለልኩ። ምንጣፉን በእግሬ አልረገጥኩም፤ በመዳፌ ተጫንኩት። ተነሳ። ቡፌው፣ ዋሻው፣ ድልድዩ። ጨርቁ ድፍን ድፍን አለ። ዞሮ በር ላይ በራሱ ቆመ።

ጨርቆቹን ፈታሁ። ምንጣፉን አቃናሁ። በጓሮ ወጣሁ።