ታሪክሽን የጨረስኩት እኔ ነኝ

ውድ ሑዳ፣

ስልኬን አታነሺም፣ ቴሌግራም ላይም ብሎክ አድርገሽኛል፤ ስለዚህ በወረቀት መጣሁብሽ። ለእናትሽ ሰጥቼልሽ ነው የምሄደው። ቀድደሽ ብትጥዪው መብትሽ ነው፤ ግን እስከ ታች ካነበብሽው በኋላ ይሁን።

ለሁሉም ሰው «የማን ጽሑፍ እንደሆነ አላወቅኩም ነበር» ብያለሁ። ለዐብዱልዓዚዝ ብያለሁ፣ ለጽሑፍ ቡድናችን ብያለሁ፣ ለአክስቴም ሳትጠይቀኝ ብያለሁ። ውሸቴን ነው ሑዳ። አውቄአለሁ።

ያንን እሑድ አንቺም አትረሺውም፤ ግን እኔ ከተቀመጥኩበት በኩል ልንገርሽ። ዐብዱልዓዚዝ እንደ ልማዱ ከዚራ ሰፈር ባለችው የማስጠኛ ክፍሉ ሰሌዳ ላይ መነሻውን ጻፈ፦ «ምሳው ቀዝቅዞ ጠበቀው»። ሃያ ደቂቃ፣ ያለ ስም፣ ግማሹን ብቻ። ከዚያ ወረቀቱ ይደባለቃል፤ የደረሰሽን የሌላ ሰው ታሪክ ትጨርሺና ተነስተሽ ታነቢያለሽ። ሁለት ዓመት ሙሉ እየሳቅን የተጫወትነው ጨዋታ ነው። የዚያን ቀን ያንቺ ግማሽ ለእኔ ደረሰኝ።

የእጅ ጽሑፍሽን አላውቅም? ስምንተኛ ክፍል የሒሳብ የቤት ሥራ ከማን ደብተር ስገለብጥ ኖርኩ!

ጽሑፍሽ ላይ ያለው ልጅ ግራ ጆሮው በልጅነቱ በፈላ ሻይ ተቃጥሏል። ሩዙ ከነሙዙ በሳህን ተከድኖ ይጠብቀዋል፤ እሱ ግን ለማንም ሳይናገር ወጥቶ የጅቡቲን ድንበር አልፏል። እናቱ ሳህኑን ማንም እንዳያነሳው ከልክላለች። እዚያ ላይ አቁመሽዋል። ጆሮው ጋ ስደርስ «መሃድ ነው» አልኩ በልቤ። ወንድምሽን ከዳዴው ጀምሮ አውቀዋለሁ። «ጅግጅጋ አጎቴ ሱቅ ገብቷል» ስትይኝ ድምፅሽ አላማረኝም ነበር፣ ግን ዝም አልኩሽ። ወረቀቱን ይዤ ግን ሁሉም ነገር ገባኝ። ተህሪብ ገብቷል፣ በድብቅ ባሕር ሊሻገር ወጥቷል፣ ወሬውም ጠፍቷል።

ታዲያ አውቄ ለምን? አቦ፣ ምን ብዬ ልንገርሽ። ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ያንቺ ታሪክ ሲነበብ ክፍሉ ሁሉ ጸጥ አለ፤ የእኔን ግን ጦልሃ ስልኩን እየነካካ ነው ያዳመጠው። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ቀፊራ ገበያ ሳምንቱን ሙሉ ጆግና ባልዲ ስሸጥ የምጠብቀው ያቺን የእሑድ ጭብጨባ ብቻ ነበር። መጨረሻውም ሳልጠራው መጣልኝ። ልጁን ጀልባ ላይ አሳፈርኩት፣ ጀልባዋን ገለበጥኳት። በተቃጠለ ጆሮው ለይተው ባሕሩ ዳር ቀበሩት ብዬ ጻፍኩ። ሦስት መስመር አልሞላም። ሳነበው ድምፄን ሰበር አደረግኩ፣ ዓይኖቼም እንባ አቀረሩ፣ ተጨበጨበልኝ። አንቺ ብቻ እጅሽን አላነሳሽም። «ፈረቃ አለብኝ» ብለሽ ቦርሳሽን ይዘሽ ወጣሽ። እሑድ ፋብሪካችሁ ዝግ እንደሆነ አውቃለሁ።

አሁን ነው የገባኝ። ያንን ግማሽ የጻፍሽው ለጭብጨባ አልነበረም። አንቺ መጨረስ አቅቶሽ፣ ከመካከላችን አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን፣ ልጁን በደህና እንዲያደርስልሽ ነው ያስገባሽው። እኔ እጅ ላይ ወደቀብሽ።

ዐብዱልዓዚዝ ሳነብ የቀዳውን ድምፅ እንደ ሁልጊዜው የቴሌግራም ቻናሉ ላይ ለቀቀው። «ይሄ አይለቀቅ» ማለት አቅቶኝ ነበር? እያወቅኩ አለፍኩት እንጂ! የቀረውን ጎረቤታችሁ ዓናብ ናት የነገረችኝ። ማክሰኞ ደጃችሁ ላይ ተቀምጣ ስታዳምጠው እናትሽ ሰማች። ታሪክ ነው ያላት ሰው የለም። የሰማችው «ግራ ጆሮው» እና «ቀበሩት» የሚለውን ነው። አንቺ ከኢንዱስትሪ ፓርክ ስትመለሺ ሸራ ተወጥሮ፣ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ሴቶቹ ለቅሶ ተቀምጠው አገኘሽ። «ሆዮ፣ የፈጠራ ታሪክ ነው» ብትያት «ታዲያ ጆሮውን ማን ነገራቸው?» አለችሽ። «እኔ» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረሽም። እናትሽም መርዶ ደርሶሽ የደበቅሻት መሰላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካንቺ እጅ ውሃ እንኳን አልቀበልም አለች።

ይሄን ስሰማ ነው ቤት መቀመጥ ያቃተኝ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መጣሁ። አንቺ ስታይኝ በጓሮ ወጣሽ፤ ስለዚህ የተባባልነውን አልሰማሽም።

«ኤዶ ኹርሲ» አልኳት እናትሽን፣ «ልጅሽን ውሃ ያስበላሁት እኔ ነኝ። ሑዳ የጻፈችው ሩዙ ላይ ያበቃል። ከዚያ በታች ያለው የእኔ ቅጥፈት ነው። መርዶ አልመጣላትም፣ ምንም አልደበቀችሽም።»

«ለምን ቀጠፍሽ?»

«እንዲያጨበጭቡልኝ።»

በጥፊ ትለኛለች ብዬ ጉንጬን አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን «እሺ፤ አልሞተም ካልሽ፣ ታዲያ አለ በይኛ» አለችኝ።

«አላውቅም ኤዶ።»

«መሞቱን ስታውቂ መኖሩን አታውቂም?»

  እናትሽ ሴቶቹን አመስግና አሰናበተቻቸው፣ ምንጣፉን ራሷ ጠቀለለችው። ከዚያ «ቁጭ በይ» አለችኝ። «ወሬው እስኪመጣ አንቺም ከእኔ ጋር ትጠብቂያለሽ።»

ይኸው ሰባት ቀኔ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ሱቁን ለአክስቴ ትቼ እመጣለሁ፤ አንቺ ትወጫለሽ። እናትሽ በየቀኑ «ወጣች?» ትለኛለች። «ወጣች» እላታለሁ። «ልጄን በከንቱ አሳዘንኳት» ትላለች፤ ያንቺን ፊት ግን የምታገኝበት መንገድ ጠፍቷታል። ይሄንን አንቺ ሳታውቂው እንዳትቀሪ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ትናንት ስልኳ ጮኸ። የማይታወቅ ቁጥር። አንስታ ጭኔ ላይ ጣለችው፦ «አንቺ አንሺው፣ እኔ አልችልም።»  በሦስት መስመር የገደልኩትን ልጅ ወሬ ለመስማት «ሃሎ» አልኩ። ሰውዬው ከዋሂል የሚደውል ገበሬ ነው፤ «ቲማቲም በሣጥን ስንት ገባ?» ይላል። ተሳስተሃል ብዬ ዘጋሁት። እናትሽ ከንፈሬን ትጠብቃለች።

«ቲማቲም ነው ኤዶ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። ከዚያ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ የእሑዱን ዓይነት እንዳይመስልሽ። እናንተ ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ እንዲህ ስትኖሩ፣ አንቺ ከእኔ ጋር ቀፊራ ለቀፊራ እየሳቅሽ ትዞሪ ነበር። አንድ ቀን እንኳን «ምን ሆነሻል?» ብዬሽ አላውቅም።

ድምፁን ከቻናሉ አስጠፍቼዋለሁ፤ ሰው ለሰው የላከውን ግን ማን ይሰበስበዋል? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። የፊታችን እሑድ ቡድኑ ፊት ቆሜ ያንቺ መሆኑን እያወቅኩ እንደጻፍኩት እናገራለሁ። ከዚያ በኋላ ቢያባርሩኝም ይገባኛል። ይቅር በይኝ ለማለት ፊት የለኝም፣ ግን እለዋለሁ፤ ይቅር በይኝ።

ነገም በአሥር ሰዓት እመጣለሁ። አታናግሪኝ፣ ሰላምታዬንም አትመልሺ፤ በጓሮ ግን አትውጪ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር እናትሽ የምታየው የእኔን ፊት ነው፤ የእኔ ፊት ደግሞ መዋሸት እንደሚችል ታውቃለች። አንድ ቀን መሃድ ራሱ ቢደውልና እኔ «ልጅሽ ነው ኤዶ» ብላት፣ አታምነኝም። ከአጠገቤ ቁጭ በይ። ስልኩን እኔ አነሳለሁ፤ እሷ ያንቺን ፊት ትመልከት።

የበደለችሽ፣
ኢዲል