የአባታችን ግቢ አጥርና የወይዘሮ ጌታነሽ ፀሐይ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ ታላቅ ወንድሜ፣ ለመምህር አትናቴዎስ፤ ጎሬ።

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ በመካከላችን ያለውን ቆላና ደጋ ሁሉ ተሻግሮ ከደጅዎ ይድረስ። ለመሆኑ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ባለፈው ደብዳቤዎ ቆሞ ማስቀደስ እንደከበደዎ ጽፈውልኝ ነበርና ሐሳብ ሆኖብኝ ሰንብቷል። ወይዘሮ ምሥራቅስ ዓይናቸው ተሻላቸው? እኛ በዚህ በኩል፣ ለአምላክ ምስጋና ይድረሰውና፣ ከብርዱ በቀር ደኅና ነን። ገብሱ ዘንድሮ ውርጭ ሳያገኘው ተሰብስቧል፤ በጎቹም አማን ናቸው።

ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ስለ አባታችን ግቢ ነው። ነገሩ እርስዎን ስለሚነካ ከሥሩ ጀምሬ እጽፍልዎታለሁ። በኅዳር ወር ማዘጋጃ ቤቱ ማስታወቂያ ለጠፈ። እስከ የካቲት አጋማሽ የአጥር ፈቃድ ያላወጣ ሰው፣ ቤት ያላረፈበት መሬቱ ትርፍ ተብሎ ለሌላ ይሰጣል ይላል። ቤት ያላረፈበት ማለት እንግዲህ አባታችን ለእርስዎ ያወረሱት የላይኛው እኩሌታ ነው። አርባ ዓመት ሣሩን እያጨድሁ የወንድሜ ነው ስል የኖርሁበት ቦታ በአንድ ወረቀት ትርፍ ሊባል ሆነ። ስለዚህ ውዬ ሳላድር ማመልከቻ ጻፍሁ።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናዘዝ። ሠላሳ ዓመት የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበረ ሰው ልማዱ አይለቀውምና፣ አዋሳኞችን እንደ ጥንቱ የርስት ጽሑፍ አድርጌ አሰፈርኋቸው። እርስዎ እንደሚያውቁት በእኛ አገር ድንበር የሚጠራው ዛሬ በተቀመጠበት ሰው ሳይሆን ቦታውን ባቀናው ሰው ስም ነው። እኔም «በሰሜን አቶ ገብረየሱስ» ብዬ ጻፍሁ። ጎረቤታችን ገብረየሱስ ካረፈ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ተዝካሩን ከበሉት አንዱ እኔ ነኝ። ጽሕፈት ቤቱ ግን ይህን ከየት ይወቅ? አዋሳኝ ሳይፈርም ፈቃድ አይሰጥምና በጥር ወር ለሟቹ መጥሪያ ላከለት።

መጥሪያው የደረሰው ለሚስቱ ለወይዘሮ ጌታነሽ ነው። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም፤ የሚመጣላቸውን ወረቀት ሁሉ የማነብላቸው እኔ ነኝ። እንደ ልማዳቸው መጥተው ሰጡኝ። እኔም መነጽሬን አድርጌ፣ ምንነቱን አስቀድሜ ሳልመረምር፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁት። አቶ ገብረየሱስ የአጥሩን ወሰን አይተው እንዲፈርሙ በአካል ይቅረቡ ይላል። መነጽሬን አወለቅሁ። ወይዘሮ ጌታነሽ ግን፣ «በአካል የሚመጣ ከሆነስ እኔንም ይጥሩኝ፤ ይህን ሁሉ ዓመት የት እንደከረመ የምጠይቀው አለኝ» አሉ። ባለቤቴ ዓለሚቱ ከጓዳ ሆና ስትስቅ ሰማኋት።

ይቅርታ ጠይቄ የአጥሩን ነገር ሳስረዳቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ጋሼ ተክለጻድቅ፣ ድንበሩስ የእርስዎ ነው፤ አንድ ስንዝር አልሻም። ፀሐዩን ምን ላድርገው?» አሉኝ። ኩበታቸውን ጠፍጥፈው የሚያሰጡት ከድንበራችን ሥር ነው። ሌላው ግቢያቸው ከጎኑ ካለው ገደል ጥላ አይወጣም። በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስታዘነብል፣ ሁለት ሜትር የድንጋይ አጥር ያን ቦታ ጨርሶ ያጠላበታል። እንጨት በሌለበት አገር ኩበቱ ሳይደርቅ ክረምት የገባበት ሰው እንዴት እንደሚሆን ለእርስዎ አልነግርም። ፈርሙልኝ ብላቸው፣ «በገዛ ጣቴ ብርድ አልፈርምም» ብለው ወጡ።

በማግስቱ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ታዲዮስ ለሚባለው ባለሙያ ነገርሁት። ትሑት ሰው ነው፤ ወንበሩን ለቀቀልኝ። መመሪያውን ገልጦ ካየ በኋላ፣ ተቃውሞ የሚሰማው ስለ ወሰን ሲሆን ብቻ እንደሆነ፣ ስለ ጥላ ግን የተጻፈ ነገር እንደሌለ ነገረኝ። ሴትዮዋ ባይፈርሙም በሁለት ምስክር ፈቃዱን ማውጣት እችል ነበር። እውነቱን ልንገርዎና ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ደስታው ግን ከቤት አልደረሰም። የአጥሩን ቁመት የሚያህል እንጨት ከድንበሩ ላይ ተከልሁና፣ አባታችን የቅዳሴ ሰዓት ለማወቅ ጥላ በጫማ ይለኩ እንደነበረው፣ ቀኑን ሙሉ እየተመላለስሁ ለካሁ። ሴትዮዋ አልዋሹም። ጥላው ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከኩበቱ ላይ አልወረደም። አጥሩ አራት ክንድ ወደ ውስጥ ቢገባ ግን ፀሐዩ ይተርፋቸዋል።

ታዲዮስን ደግሜ ጠየቅሁት። ወደ ገዛ ግቢው ገብቶ የሚያጥርን ሰው የጎረቤት ፊርማ አያሻውም፤ ነገር ግን ከአጥሩ ውጭ የሚቀረው መሬት ከእንግዲህ የእኛ አይባልም አለኝ። ለእርስዎ ጽፌ ፈቃድዎን ልጠብቅ አስቤ ነበር። ከጎሬ መልስ እስኪመጣ ግን ከወር በላይ ይፈጃል፤ ቀኑ ደግሞ ሊያልቅ ነው። አራት ክንድ ገብቼ ለማጠር ፈረምሁ። የካቲት አምስት ቀን ማኅተሙ አረፈበት።

ወንድም ጋሼ፣ ሳላስፈቅድዎ ከርስትዎ አራት ክንድ ሰጥቻለሁ። ቢቆጡም ይገባኛል። የእርስዎ ድርሻ እንዳይጎድል ግን በእኔና በእርስዎ መካከል ያለውን የወሰን ድንጋይ ነቅዬ አራት ክንድ ወደ ታች፣ ወደ እኔው፣ አወረድሁት። የንስሐ አባታችን አባ ኃይለ ኢየሱስ ቆመው አይተዋል፤ የመሰከሩበትን ወረቀት ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። አሁን ወሰናችን ከመኝታ ቤቴ ግድግዳ ሥር ደርሷል። ቤትዎን ሠርተው ሲገቡ ጧት ጧት ዳዊት ስደግም ይሰማዎታል። ስሳሳት ከማዶ ሆነው ያርሙኝ።

ለወይዘሮ ምሥራቅ እጅ ነሥቻለሁ። ለልጃችን ለሰርካለም፣ ለባለቤቷና ለሕፃናቱ አንድ በአንድ ሰላም ይበሉልኝ። ዓለሚቱ ጉንጭዎን ትስማለች። ወይዘሮ ጌታነሽም ሰላምታ ልከዋል፤ አገርዎ የገቡ ዕለት እሳቱ ከእኔ ቤት ነው ብለዋል።

ታናሽ ወንድምዎ ተክለጻድቅ
ዘመሮ፣ የካቲት 11 ቀን 1995 ዓ.ም.